ቡናማው ጊታርና ከባዱ ሳጥን

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሶልያና ላንቻ ሰፈር ካለ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ይዛኝ ወጣች። ይዛኝ ወጣች ማለቴ ለማሳመር አይደለም፤ ጉልበቴ ከደረጃ ጋር ከተኳረፈ ስለቆየ ክንዴን ደግፋ ነው ያወጣችኝ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያዋን የኤሌክትሪክ ጊታርና አምፕሊፋየር ልትገዛ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስልኳ ላይ ተደፍታ ያላየችው ቪዲዮ የለም፤ እኔ ሳልጠይቃት ስለ እንጨቱ ዓይነት፣ ስለ ክሩ ውፍረት፣ ስለ ሽቦው ስትተነትንልኝ ሰነበተች። እኔን ለምን እንደፈለገችኝም አልደበቀችኝም። "እማማ፣ አንቺ በቃ ዝም ብለሽ አጠገቤ ቁሚልኝ። ማለቴ፣ ትልቅ ሰው ሲያዩ ዋጋ አይቆልሉም" አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ። ድሮ ጊታር እጫወት ነበር ብዬ ነግሬያታለሁ፤ እሷ ግን ሁሉም አያት ድሮ ቆንጆ ነበርኩ እንደሚለው ቆጥራ ነው የምታልፈው።

የሱቁ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ጊታር ነው። ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ነጩ ሁሉ እንደ ከረሜላ ያብረቀርቃል። ሻጩ ፂሙን ያሳደገ፣ ትሕትና ያለው ጎልማሳ ነው፤ ገና ሳልጠይቀው ወንበር አመጣልኝ። ሶልያና ሰማያዊውን አየችና ዓይኗ እዚያው ቀረ። ሰውየው "ድምፁን ስሚው እስቲ" ብሎ ጥግ ላይ ከነበረ አሮጌ አምፕሊፋየር ጋር አገናኘውና ማብሪያውን ተጫነ። ያኔ ነው የሸተተኝ። የሞቀ አቧራ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ እንደ ቀለጠ ሰም ያለ ነገር አለበት። ይኼን ሽታ የሚያውቀው በአምፖል የሚሠራ ሬድዮ ቤቱ የነበረ ሰው ነው። ማብሪያውን ከተጫኑ በኋላ አምፖሎቹ ሞቀው ድምፅ እስኪሰጡ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበረብን፤ ሽታው የሚመጣው በዚያች የጥበቃ ሰዓት ነው። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ካዛንቺስ ገባሁ።

የዛሬውን ካዛንቺስ ማለቴ አይደለም። የዛሬው ሰፊ መንገድ፣ የተተከለ ዛፍና የተደረደረ መብራት ነው፤ ያምራል፣ ያምራል እንጂ ምን እላለሁ። ባለፈው በዚያ ሳልፍ ቤታችን የቱ ጋ እንደነበር ለማወቅ ዑራኤል ቤተ ክርስቲያንን ምልክት ይዤ በእርምጃ ስለካ ስለካ አንድ የአበባ መደብ መሐል ቆሜ ተገኘሁ። ዘበኛው "እማማ፣ አበባው ላይ አይቁሙ" አለኝ። ልጄ፣ የቆምኩት ሳሎናችን ውስጥ ነው ልለው አልኩና ተውኩት። የኔው ካዛንቺስ ቆርቆሮው ከቆርቆሮ የተደገፈ፣ አጥሩ ከአጥር የተጋባ፣ ሻይ በአሥር ሳንቲም የሚጠጣበት፣ ቦምቦሊኖው ስኳሩ ሳይራገፍ በጋዜጣ ተጠቅልሎ የሚሰጥበት ሰፈር ነበር። የወንዱ ሱሪ ከጉልበቱ በታች እየሰፋ ሄዶ ጫማውን ይውጠዋል። ፀጉሩ ደግሞ በር ሲገባ ከባለቤቱ ቀድሞ ይገባል። እኛ ሴቶቹ አጭር ቀሚስ ለብሰን በታኮ ጫማ ድንጋይ ለድንጋይ እንዘላለን። ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት ትንንሽ ታክሲዎች ሰው ከሚጭኑበት ጊዜ ሰው የሚገፋቸው ጊዜ ይበልጥ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የቡና ቤቶቹ ሙዚቀኞች በር ዘግተው ይለማመዳሉ። እኔ ደብተሬን አቅፌ ከመስኮቱ ሥር የኤሌክትሪክ ምሰሶ ተደግፌ እሰማለሁ። ጓደኞቼ የዘፋኙን ድምፅ ይወዳሉ፤ እኔን የሚይዘኝ ግን ዘፋኙ ትንፋሹን ሲሰበስብ በመሐል ገብታ ነገሩን የምትጨርሰው ጊታር ነበረች።

አባቴ አቶ ደርበው የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ከጎጃም የመጡት ገና በልጅነታቸው ነው፤ ከዚያ በፊት የቆሎ ተማሪ ሆነው ዜማ ቀጽለዋል። ከተማ ከገቡ በኋላ ግን ሙሉ ልብስ፣ ባርኔጣና ጃንጥላ ሳይይዙ ከደጅ ወጥተው አያውቁም። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ያኔ የመሥሪያ ቤት ሰው ዕቃ አይሸከምም። ነውር ነው። አባቴ ጎመን እንኳ ቢገዙ ተሸካሚ ይቀጥራሉ፤ እሳቸው ጃንጥላቸውን ይዘው ከፊት፣ ጎመኑ በሰው ራስ ላይ ከኋላ ይመጣል። እናቴ "ጎመኑ አጃቢ አገኘ" እያለች ትስቅባቸው ነበር። እሳቸው ግን አይስቁም። "ሰው ያያል" ነበር መልሳቸው። በዚያ ቤት ውስጥ ከአሥርቱ ትእዛዛት ቀጥሎ የሚጠበቀው ሕግ ይኼው ነው።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ የሰፈራችን ባንድ ጊታር ተጫዋቹ ሥራ አግኝቶ ወደ ክፍለ ሀገር ሄደ። የባንዱ መሪ ሳክስፎን የሚነፋው ብርሃኑ ነበር፤ የእናቴ የጡት ልጅ ስለነበር እኛ ቤት እንደ ቤቱ ይገባል። "ጾሙ ሲፈታ ሠርግ በሠርግ እንሆናለን፣ ጊታር የለንም" ብሎ ሲያማርር እኔ ከየት እንደመጣብኝ እንጃ "እኔ እሞክራለሁ" አልኩ። ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን አቆመ። "የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት የሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ ሰው ፊት እንፈትናለን። ሙሉጌታም ይመጣል። ግን አስካለ፣ እኛ መሣሪያ የለንም፤ ጊታሩንም ሳጥኑንም ይዞ የመጣ ነው የሚፈተነው" አለኝ። አምፕሊፋየሩን ያኔ ሳጥን ነበር የምንለው። ሙሉጌታ ማለት አጎቱ ጊታር ያስተማረው፣ የራሱ መሣሪያ ያለው የቂርቆስ ልጅ ነው። እኔ የማውቀው የወንድሜን አሮጌ የእንጨት ጊታር ነበር፤ እሱም ሆዱ ተሰንጥቆ ጎታ ላይ ከተሰቀለ ዓመት አልፎታል።

አባቴን እንዴት እንደጠየቅኋቸው አላስታውስም፤ የመለሱልኝን ግን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። "ለአዲስ ሙሉ ልብስ ያስቀመጥኳት ብር አለች" አሉ። "በእሷ ይገዛል። ግን ሦስት ነገር ስሚኝ። የሚመረጠው እኔ ባለሁበት ነው። ሁዳዴ ሊገባ ነው፤ እስከ ፋሲካ ያ ሳጥን በዚህ ቤት አንድ ቀን እንዳይሰማ። አዳራሹ ካልተቀበለሽ ደግሞ ዕቃው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፤ አንቺም ታይፕ ትማሪያለሽ።" እናቴ ከጓዳ "ምነው፣ የመጨረሻው ቢቀር" ስትል "አይቀርም" አሉ። ታይፕ መማር ክፉ ነገር ሆኖ አይደለም፤ ኋላ እንጀራዬ ሆኗል። ያኔ ግን እስር ቤት ግቢ ያሉኝ ያህል ነበር።

ጋሽ ንጉሤ ሬድዮ ጠጋኝ ነበሩ። ሱቃቸው ከፍ ብሎ የዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ፣ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ነች። ሙዚቀኞች ሲቸግራቸው መሣሪያቸውን ለእሳቸው ይሸጡ ስለነበር ሁለት ጊታርና ሁለት ሳጥን ነበሯቸው። አንደኛው ጊታር እንደ በርበሬ የቀላ፣ ጠርዙ በነጭ የተከፈፈ፣ ሳጥኑም በአንድ እጅ የሚነሳ፣ ከፊቱ ብር የሚመስል ፍርግርግ ያለው ነው። ሁለተኛው ጊታር ቡናማ፣ ቀለሙ እዚህም እዚያም የተላጠ፣ ሳጥኑ ደግሞ ቡኒ ጨርቅ የለበሰ፣ ሩብ ኩንታል ጤፍ የሚመዝን ግዙፍ ነገር። እኔ ቀዩን አየሁና አለቀልኝ። በሐሳቤ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ፣ ቀዩን አንግቤ፣ ቀሚሴ ምን ዓይነት እንደሚሆን ሁሉ ወስኜ ነበር። "አባባ፣ ይኼ" አልኩ።

አባቴ ቀዩን አላዩትም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጋሽ ንጉሤን ወንበር ለመኗቸውና ወንበሩን አዙረው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባቸውን ለዕቃው ሰጥተው ተቀመጡ። "አንቺም ዙሪ" አሉኝ። ጋሽ ንጉሤ ግራ ገብቷቸው "ምነው አቶ ደርበው፣ ቅር ያለዎት ነገር አለ?" ሲሉ አባቴ ሳይዞሩ መለሱ። "የኔታ ማየት የተሳናቸው ነበሩ። ሠላሳ ተማሪ ሲያዜም የማንኛችን ጉሮሮ እንደደከመ በጆሯቸው ለይተው ያውቁ ነበር። ዓይን ጉቦ ይበላል ጋሼ። በሉ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሳይነግሩን ሁለቱንም ይክፈቱልን።" እኔ አፍሬ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ማየት ያዝኩ። ከኋላችን ማብሪያ ተጫኑ። ያ ሽታ መጣ። አንደኛው ሳጥን ማንም ሳይነካው እምምም ማለት ጀመረ። ሁለተኛው ዝም አለ። አባቴ ጣታቸውን ወደ ጣሪያ አነሱ። "ያ የሚያጉረመርመው ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ባይ ነው። ተዉት። የዝምተኛውን ያሰሙን።" ጋሽ ንጉሤ አንድ ክር መቱ። ድምፁ ወፍራምና ሞቃት ነበር፤ ሄዶ ሄዶ፣ አለቀ ስንል ገና አላለቀም። ከዚያ ሁለቱንም ጊታሮች በየተራ መቱልን፤ እኔው ራሴ፣ ዓይኔ የቀን መቁጠሪያው ላይ ተተክሎ፣ "ሁለተኛው" አልኩ። ስዞር ቡናማው ነው፤ ዝምተኛውም ሳጥን ግዙፉ ኖሯል።

አለቀስኩ። አዎ፣ ቀዩ ቀረብኝ ብዬ አለቀስኩ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ጋሽ ንጉሤ አዝነውልኝ ቀዩን አንስተው እጄ ላይ አደረጉልኝ። "ጫኚው እስቲ" አሉ። ክሩ ከአንገቱ በጣም የራቀ ስለነበር ተጭኜ ማስነካት አቃተኝ፤ የጣቴ ጫፍ ነጭ ሆነ። "ይኼ አንገቱ ጎብጧል። ጀማሪ ይዞት በሳምንቱ ይጥለዋል። አባትሽ በጀርባቸው ያዩትን እኔ እስካሁን ከገዢ ደብቄ ነበር" አሉና ሳቁ። ሐቀኛ ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ ጋቢ አስመጥተው ሳጥኑን እንደ ሬሳ ሸፈኑት። ተሸካሚ ተጠርቶ በዋናው መንገድ ሳይሆን ከወንዙ ዳር ባለው ጭቃ በጭቃ መተላለፊያ ዞረን ገባን። በቅበላ ሰሞን ሰው ሥጋ ሲገዛ፣ የአቶ ደርበው ሴት ልጅ ዘፈን ገዛች እንዳይባል ነው። "ሰው ያያል" አሉ አሁንም። ጊታሩን እኔ ነጠላዬ ውስጥ አቅፌ ሄድኩ። ገዝተውልኛል፤ ግን አፍረውብኛል ብዬ አሰብኩ። ይህች ሐሳብ ሁዳዴውን ሙሉ ከኔ ጋር ጾማለች።

ሃምሳ አምስት ቀን። ከሳጥን ጋር ያልተገናኘ የኤሌክትሪክ ጊታር ምን ያህል ድምፅ እንዳለው የማያውቅ ካለ፣ ትንኝ ከመጋረጃ ጀርባ ስትዘፍን ያስብ። መጀመሪያ አገጬን እንጨቱ ላይ አስደግፌ በአጥንቴ እሰማ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ስደክም የጊታሩ ራስ ሳላስበው የእናቴን ቁምሣጥን ነካ፤ ቁምሣጥኑ ጮኸ። ጮኸ ስል ዘፈነ ማለቴ ነው። እንጨቱ ክፍት ሆድ ስላለው ድምፁን ወስዶ ያሳድገዋል። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የጊታሩን ራስ ቁምሣጥኑ በር ላይ ደግፌ ትዝታውን፣ ባቲውን፣ አምባሰሉን ስለቃቅም ዋልኩ። እናቴ "ነጠላዬን ላወጣ ነበር፣ ዘፈኑን ልጠብቅ?" እያለች በሩ ላይ ትቆማለች። ጣቶቼ ቆሰሉ፣ ጠገጉ፣ እንደገና ቆሰሉ። ብርሃኑ አልፎ አልፎ መጥቶ አንድ ነገር ያሳየኛል፤ ከቅዳሴ እንደተመለሰ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያስተምረኝ። የአባቴ መኝታ ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ ነበር። ከሥራ ሲመለሱ ጋደም ይላሉ፤ አንድ ቀን እንኳ "ምን ደረሽ?" ብለው አልጠየቁኝም።

የፋሲካ ማግስት ሳጥኑ ተከፈተ። ሃምሳ አምስት ቀን ድምፅ ለማግኘት ስል ክሩን እንደ ጠላት መምታት ለምዶብኝ ኖሮ፣ በዚያው እጄ ስመታው የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፣ የጎረቤት ውሻ አለቀሰ፣ እናቴ የያዘችውን ብርጭቆ ለቀቀችው። አባቴ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው "የሃምሳ አምስቱን ቀን ዛሬ በአንድ ጊዜ ልትፈስኪው ነው?" አሉኝ። ያቺን ሳምንት የዋልኩት እጄን በማለዘብ ነበር። "አባባ፣ እሑድ ይመጣሉ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?" አሉና ጋዜጣቸውን መልሰው አነሱ።

እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሠርግ ያለባቸው ቤተሰቦች ባንድ ሊመርጡ መጥተዋል፤ ሥራ የሌለው ደግሞ ሥራዬ ብሎ መጥቷል። ሙሉጌታ ቀድሞ ተጫወተ። ጎበዝ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ኋላ ባሌ ሆነ ብዬ እንዳላሳምርላችሁ፣ አልሆነም፤ ግን ጎበዝ ነበር። የሱ ጭብጨባ ሳይበርድ የኋላው በር ተከፈተና አባቴ ገቡ። ያው አሮጌው ሙሉ ልብስ፣ ኮሌታው ተገልብጦ የተሰፋው፣ ባርኔጣቸው እጃቸው ላይ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ወንበር አገኙ። አነሱት፣ አዞሩት፣ ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጥተው ተቀመጡ።

አዳራሹ ተንሾካሾከ። ብርሃኑ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ "አስካለ፣ አባትሽ ተቀይመዋል፤ ቢቀርብሽስ?" አለኝ። እኔ ግን ጉልበቴ ጠነከረ። ያንን ጀርባ የማውቀው እኔ ነኛ! ለመስማት የመጣ ሰው ጀርባ ነው። ሳጥኑን ከፈትኩ፣ አምፖሎቹ እስኪሞቁ ጠበቅኩ፣ ሽታው መጣ፣ አምባሰል ጀመርኩ። ሁለት ዙር ሳልሄድ መብራት ጠፋ።

የአዳራሹ መስኮቶች ከፍ ያሉ ስለነበሩ ቤቱ አልጨለመም፤ የጨለመው ድምፁ ነው። ክሩን እየመታሁ ነው፣ የሚሰማ ነገር የለም። ሰው ሳቀ፣ አንዱ አፏጨ። "በቃ ተዪው፣ ሌላ ቀን እናያለን" አለ ብርሃኑ። ሌላ ቀን እንደሌለ እኔ አውቃለሁ። ሙሉጌታን ሰምተዋል፣ ሠርጉ ደርሷል፤ ቡናማው ነገ ወደ ጋሽ ንጉሤ፣ እኔ ወደ ታይፕ። ዞር ስል መድረኩ ጫፍ ላይ፣ ባለሥልጣን ሲመጣ ንግግር የሚያደርግበት ትልቅ የእንጨት መቆሚያ አለ፤ ከፊቱ ድፍን፣ ከኋላው ክፍት፣ ልክ እንደ ቁምሣጥን። ጊታሬን ይዤ ሄድኩና ራሱን እንጨቱ ላይ ደገፍኩት። የሁዳዴ እጄን አወጣሁ። መታሁ።

መቆሚያው ዘፈነ። እንደ ሳጥኑ አይደለም፤ ቀጭን፣ ሩቅ ነገር ነው። ፊት ያሉት ሰሙና ዝም አሉ፤ የነሱ ዝምታ ለሁለተኛው ረድፍ ደረሰ፣ ከዚያ ለሦስተኛው፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ዝምታው እስከ በሩ ሄደ። ወንበር የሚያንቋቋ እንኳ ጠፋ። በሕይወቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ሠርግ ላይ በትልልቅ ሳጥን ተጫውቻለሁ፤ ያን ያህል የተሰማሁበት ቀን ግን የለም። መሐል ላይ አንዲት እናት ቀስ ብላ ማጨብጨብ ጀመረች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት፤ እኔ አምባሰሉን በጭብጨባቸው ላይ አስቀምጬ ጨረስኩ። እልልታው ሲነሳ ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የአባቴ ጀርባ አልተነቃነቀም። ብርሃኑ "ሰኞ አሥር ሰዓት ልምምድ አለን፣ እንዳታረፍጂ" አለኝ። ሙሉጌታንም ቤዝ ጊታር አስያዙት።

አባቴ ተነሱ። ወንበሩን ወደ ነበረበት መልሰው አስተካከሉ፣ ባርኔጣቸውን ደፉ፣ በመሐል መተላለፊያው ቀጥ ብለው ወደ መድረኩ መጡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። የንግግሩን መቆሚያ በጣታቸው አንኳኩና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። "የኛ ቁምሣጥን ይሻላል" አሉ። ያኔ ገባኝ። ሃምሳ አምስት ቀን ከግድግዳው ወዲያ ተኝተው አልነበሩም። እንባዬ መጣ። እሳቸው ግን ወደ እንባዬ አላዩም፤ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ጎንበስ አሉ፣ ሩብ ኩንታሉን ሳጥን ብድግ አድርገው ትከሻቸው ላይ አወጡት። ብርሃኑ "ኧረ ጋሼ! ኧረ እኛ እያለን!" ብሎ ሲሮጥ በዓይናቸው አቆሙት።

በጓሮው አልሄድንም። በዋናው መንገድ፣ በካዛንቺስ መሐል፣ በዳቦ ቤቱ፣ በልብስ ሰፊዎቹ፣ በቡና ቤቶቹ በር ነው የሄድነው። ጎመን ተሸክመው የማያውቁት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ ባርኔጣቸው ተጣሞ፣ ሳጥን ተሸክመው ከፊት፣ እኔ ጊታርና ጃንጥላ ይዤ ከኋላ። ሳጥኑ ላይ ጋቢ የለም፣ ምንም የለም። ሰው ከየበሩ ወጣ። "አቶ ደርበው፣ ምንድን ነው? ተሸካሚ ጠፍቶ ነው?" ይላሉ። እሳቸው ሳይቆሙ ለሁሉም ያንኑ ይመልሳሉ። "የልጄ ነው።" ጋሽ ንጉሤ ከሱቃቸው ብቅ ብለው ሲያዩን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "የልጄ ነው" አሏቸው ለእሳቸውም፣ ማን እንደሸጠው እንደማያውቁ ሁሉ።

ዘጠኝ ዓመት በዚያ ባንድ ተጫወትኩ። ታይፑንም ተማርኩ፣ በጣቴ ጥንካሬ መምህሬ ይገረም ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ጽፌ ጡረታ ወጣሁ። አባቴ ያን ሙሉ ልብስ ሌላ ሳያሰፉ ብዙ ዓመት ለበሱት፤ ቀኝ ትከሻው ላይ ሳጥኑ ያሳሳው ቦታ ነበር፣ እናቴ ልትጥፈው ስትል አሻፈረኝ አሉ። ሰፈሩ ሲነሳ ወደ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ስመጣ ልጆቼ "ይኼ ቡኒ ነገር ይጣል" ብለው ነበር። አምፖሉ ከሞተ ቆይቷል፣ እውነት ነው። አሁን ቴሌቪዥኑ የተቀመጠበት እሱ ነው። ኩራት ነው ካላችሁኝ፣ አዎ ኩራት ነው።

"እማማ፣ ተኛሽ እንዴ?" አለች ሶልያና። ሰማያዊውን አንግባ መስታወት ፊት ቆማለች፤ አምሮባታል። "ጀርባሽን አዙሪ" አልኳት። "ማለት?" "ዙሪና ግድግዳውን እዪ። ጌታዬ፣ ሰማያዊውንም ያንን ግራጫውንም በየተራ ይምቱላት፤ መጀመሪያ ግን ክሩን ሳይነኩ ሳጥኑን ይክፈቱት።" ሰውየው እየሳቀ እሺ አለኝ። ልጅቷ ዓይኗን ወደ ጣሪያ ገልብጣ ዞረች፤ እኔም ወንበሬን አዙሬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የከፈተው ሳጥን አጉረመረመ፤ አስቀየርነው። ጊታሮቹን ሦስት ጊዜ አስመታች። ሦስተኛው ላይ መሳቋን አቁማ ነበር። "ሁለተኛው" አለች። ስንዞር ሰማያዊው ሆኖ ተገኘ። ምን ታደርጉታላችሁ፣ እሷ ከኔ ዕድለኛ ናት።

ከማሸጉ በፊት ጊታሩን ተቀበልኩትና አምባሰልን ከነሥጋው ባይሆን አጥንቱን ተጫወትኩት። ጣቶቼ ደንዝዘዋል፤ ግን መንገዱን አልረሱም። ሶልያና ስልኳን ልታነሳ እጇን ኪሷ ከታ ሳታወጣው ቀረች። "እማማ፣ የምርሽን ነበር እንዴ?" አለችኝ። የምሬን ነበር።

የዛሬ ሳጥን ቀላል ነው፣ እንደ ዳቦ በአንድ እጅ ይነሳል። ሰውየው ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከተተልን። ደረጃውን ወርደን መንገድ ስንደርስ ሳጥኑን ከፌስታሉ አወጣሁና ትከሻዬ ላይ አደረግኩት። "እማማ ስጪኝ! ኧረ በናትሽ፣ ሰው ያየናል!" አለች ልጅቷ። "ይየን" አልኳት። ከላንቻ እስከ ጎተራ በእግራችን ሄድን፣ ጉልበቴ እያጉረመረመ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቆሎ የምትሸጥ ሴት ቀና ብላ "እማማ፣ በዚህ ዕድሜዎ ምንድን ነው የተሸከሙት?" አለችኝ።

ሳልቆም መለስኩላት። "የልጄ ነው።"